ከሲሚንቶው ጀርባ

ሰፎክ፣ እንግሊዝ አገር
ጥቅምት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ ለጋሼ ገላው፣ ሞጣ፤

ጤናዎ፣ ዓይንዎ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሰነበቱ? የሞጣው ጊዮርጊስ እርስዎንም ቤተሰብዎንም ከክፉ ይሰውራችሁ። እኔ በእናቴ ጸሎት ደህና ነኝ።

ጆሮዎ የስልክ ድምፅ አልለይ ካለ ወዲህ ከእርስዎ ጋር ሳላወራ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ኢንተርኔቱም ከተቋረጠ ቆየ። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ደብዳቤ ልጻፍ ብያለሁ። ፎቶ አንስቼ አዲስ አበባ ላለው ለአክስቴ ልጅ ለምንይሉ እልከዋለሁ፤ እሱ አሳትሞ በሞጣ ሹፌር ይልክልዎታል። እርስዎም መልስዎን በዚያው መንገድ ይላኩልኝ።

ሥራ ቀይሬያለሁ። ዶሮቲ የሚባሉ የዘጠና አንድ ዓመት ባልቴት አስታምማለሁ፤ የምኖረውም እርሳቸው ቤት ነው። ባላቸው ገበሬ ነበሩ፣ ሞተዋል። ቤቱ ከመንደር ርቆ በእርሻ መሐል ብቻውን የቆመ ነው። ለመጻፍ የተነሣሁትም በዚህ ቤት ምክንያት ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ቢያዩት ምሳም እራትም ይረሱ ነበር።

ከተሠራ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አጥንቱ በሙሉ እንጨት ነው። ኦክ የሚሉት ዛፍ አላቸው፤ እንደ ወይራ ጠንካራ፣ ሲያረጅ ግራጫ የሚሆን። ማዕዘን ላይ የቆሙትን ቋሚዎች በሁለት እጄ አቅፌ አልጨርሳቸውም። ምስማር የሚባል ነገር የለም። የአንዱን ግንድ ጫፍ ምላስ አስመስለው ይጠርቡና በሌላው ሆድ ውስጥ በፈለፈሉት ጉድጓድ ይከቱታል፤ ከዚያ በጎን በስተው የእንጨት ችንካር ይመቱበታል። በየመጋጠሚያው ላይ በስለት የተቆረጠ ምልክት አለ፤ አንድ ሰረዝ፣ ሁለት ሰረዝ፣ ሦስት ሰረዝ። አናጢዎቹ ቤቱን መጀመሪያ መሬት ላይ አጋድመው ይገጥሙትና ለየእንጨቱ ቁጥር ይሰጡታል። ከዚያ ፈትተው ወደ ቦታው ይወስዱትና በቁጥሩ መሠረት ያቆሙታል።

ግድግዳውን ሳይ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ። በቋሚዎቹ መካከል ቀጫጭን እንጨት እንደ ቅርጫት ሸምነው በጭቃ መርገውታል። ጓዳው በኩል ትንሽ ተልጦ አየሁትና በጣቴ ነካሁት። ገለባ አለበት፣ እበት አለበት። እርስዎ ሱሪዎን ሰብስበው ሲረግጡት፣ እኔ ጭድ ስበትንልዎት የነበረው ጭቃ ነው! ጣሪያው ሥር ብወጣ ደግሞ ወራጁ ሁሉ በጥላሸት ጠቁሯል። ቤቱ ሲሠራ የጭስ መውጫ አልነበረውም፤ እሳቱ ወለሉ መሐል ይነድና ጭሱ በክዳኑ ሾልኮ ይወጣ ነበር አሉኝ።

በውጭ በኩል ግን የዶሮቲ ባል ከስልሳ ዓመት በፊት ዙሪያውን በሲሚንቶ አስለስነውታል። ቢቸና ያለው የእማዬ ቤት ነው የመሰለኝ። የመጀመሪያ ደመወዜን ስልክላት ያስለሰነችው ጊዜ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ በእጁ ሲዳብሰው ትዝ ይልዎታል?

ለቤቱ ሰው ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ እስከዳር

*

ሞጣ
ታኅሣሥ 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለእስከዳር፤

በሰው አገር ያለሽ፣ ነገር ግን ከልባችን ያልራቅሽ፤ የአባቶቻችን አምላክ መግቢያ መውጫሽን ይባርክልሽ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ጤና ነኝ። ደብዳቤሽ ከተጻፈ በሁለት ወሩ ደረሰኝ። ነገ ልደት ነው፤ እኔ ግን ሰው ሁሉ ለበዓል ሲሯሯጥ ያንቺን ወረቀት ይዤ ፀሐይ ላይ ተቀምጫለሁ። አራት ጊዜ አነበብኩት።

እውነትም እንዲህ ያለ እጅ ያለው አናጢ እዚያም ኖሯል! ቁጥር መስጠታቸው ነው የገረመኝ። እኛ እንጨቱን እያቆምን ነው የምናስተካክለው፤ እነሱ አስተካክለው ያቆማሉ። አሁን የምጠይቅሽን አንድ በአንድ መልሺልኝ። የእንጨት ችንካሩ ደረቅ ሆኖ ነው የሚመታው ወይስ እርጥብ? ወራጁ አናቱ ላይ በምን ተያያዘ? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የቋሚው እግር ምን ላይ ነው የቆመው? እኛ መሬት ቆፍረን እንተክለዋለን፤ ብልህ የሆነ ጫፉን በእሳት ለብለብ ያደርገዋል። አራት መቶ ዓመት የቆመ እንጨት ግን አፈር ውስጥ አልተተከለም። ይህን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። ገንዘብ አትላኪልኝ፤ መጋጠሚያውን በእጅሽ ሥለሽ ላኪልኝ።

እናትሽ ደህና ናት። እኔ ከሰኔ ወዲህ ቢቸና አልሄድኩም። ከጉንደ ወይን ወዲያ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አሥር ቀን ይዘጋል። የሚመጣ ሰው እንደሚነግረኝ ግን ብቻዋን አይደለችም። የምሥራቁን ክፍል የተከራየችው ሲስተር ስርጉት እንደ ልጅ ሆናላታለች። የመካነ ሰላም ልጅ ናት፣ ከዓባይ ማዶ፤ ቢቸና ተመድባ የመጣች አዋላጅ ነርስ። የእናትሽን የደም ግፊት እየለካች፣ መድኃኒቷን እያስታወሰች፣ በስልኳ ካንቺ ጋር እያገናኘች ትኖራለች። እግዜር የማያውቁትን ሰው ዘመድ ያደርጋል።

አጎትሽ ገላው

*

ሰፎክ
የካቲት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሼ ገላው፤

ሰላምታዬን አብዝቼ አቀርብልዎታለሁ። የሚመጣውን ጾም በጤና ያስፈጽምዎት።

እውነትዎን ነው፣ ቋሚው አፈር ውስጥ አልተተከለም። ከመሬት ከፍ ብሎ ጉልበት የማይደርስ የድንጋይ ግንብ አለ፤ በግንቡ ላይ ዙሪያውን ወፍራም ግንድ ተጋድሟል፤ ቋሚዎቹ ሁሉ እግራቸውን የሚተክሉት በዚህ ግንድ ላይ ነው። ሥዕሉን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ችንካሩ ደረቅ ነው፣ ቋሚና ማገሩ ግን እርጥብ። እርጥቡ ሲደርቅ ደረቁን አንቆ ይይዘዋል።

ዛሬ የምጽፈው ግን ይህን ለመንገር ብቻ አይደለም። ጋሼ፣ ፈርቻለሁ።

ባለፈው ወር የሳሎኑ ወለል በአንድ በኩል ዘመመ። የዶሮቲ ልጅ አንድ ሽማግሌ አናጢ አመጣ፤ ኬን ይባላል፣ ዕድሜውን ሙሉ የድሮ ቤት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ኬን ዙሪያውን እየዞረ በመዶሻ እጀታ ሲሚንቶውን ያንኳኳል፣ ጆሮውን ይደግናል፣ ያልፋል። አንድ ቦታ ላይ ቆመና ራሱን ነቀነቀ። በማግስቱ ሲሚንቶውን ላጠው።

ከጀርባው እንጨት አልነበረም። የነበረበት ቦታ ነበር። ያ የተጋደመ ግንድ ደቅቆ እንደ ሱረት ትንባሆ ሆኗል፤ ኬን በማንኪያ ዛቀው። ሁለት ቋሚዎች ከጉልበታቸው በታች ባዶ ናቸው። ምን ይዟቸው እንደቆሙ ብጠይቀው "ልማድ" አለኝ።

እንዲህ አስረዳኝ። የጭቃ ግድግዳ ይተነፍሳል፤ ዝናብ ሲመታው ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይተፋል። እንጨቱም አብሮት ይደርቃል። ሲሚንቶ ግን አይተነፍስም። እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ውኃው ይገባል፤ ከገባ በኋላ መውጫ የለውም። ሲሚንቶው ከውጭ ሲያዩት ድንጋይ ነው፤ ውስጥ ለውስጥ እንጨቱን እንደ ተዘጋ ድስት ያበሰብሰዋል። አራት መቶ ዓመት ያልነካውን ስልሳ ዓመት በላው። ያውም ኦክን።

የእማዬ ቤት ባሕር ዛፍ ነው ጋሼ። አፈር ውስጥ የተተከለ ባሕር ዛፍ። ከተለሰነም ስድስት ክረምት አልፎታል።

እባክዎ መንገዱ እንደተከፈተ ቢቸና ይሂዱ። ለእማዬ መጀመሪያ አይንገሯት፤ ልጅዎ አጥብቃ እንደምትለምንዎት አስበው ዝም ብለው ዙሪያውን ያንኳኩልኝ።

እስከዳር

*

ሞጣ
ግንቦት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለእስከዳር፤

የትንሣኤው ብርሃን አይለይሽ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በሰሙነ ሕማማት ነው። የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ተነሣሁ። ጉንደ ወይን ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ዝግ ስለነበረ በእግርና በበቅሎ፤ በሦስተኛው ቀን ቢቸና ገባሁ።

እናትሽ አምሮባት አገኘኋት። ገበያ ስትወጣ ጠብቄ ግድግዳውን በጭልፋ እጀታ አንኳኳሁ። የደጃፉ በኩል ደህና ነው። የምሥራቁ ግን ከእህል ክፍሉ ጀምሮ እስከ ማዕዘኑ እንደ ከበሮ ይጮኻል። ከሥር ቆፈር አድርጌ የቋሚ እግር ፈለግሁ፤ ጣቴ ገባበት። አራት ቋሚዎች ሄደዋል። እኔ በእጄ የተከልኳቸው ናቸው። ሲለሰኑም አጠገባቸው ቆሜ ያማረ ነው ብያለሁ።

እናትሽ ስትመለስ ነገርኳት። እንደምታውቂው ታላቄ ናት፤ አዝላ ያሳደገችኝ ናት። ቃሏ ከበደኝ።

"እታለም፣ የምሥራቁን ግድግዳ አፍርሰን በአዲስ እንጨት እንቀይረው። ልስኑም ይነሣ" አልኳት።

"ልስኑ ይነሣ?"

"አዎ።"

"ልጄ በሰው አገር የሰው ገላ እያጠበች ያሰራችልኝን ልታስልጠው ነው? አገሩ ምን ይላል? የበዛብሽ ልጅ በሰው አገር ወደቀች፣ በዛብሽም ቤቷን መልሳ ጭቃ አደረገች ይበል?"

"ቤቱ ይወድቃል እኮ እታለም!"

"ስድስት ዓመት የቆመ ዛሬ አንተ ስላንኳኳኸው ይወድቃል?"

አለቀሰች። ከመስከረም በኋላ ይሁን፣ እህሉ ሳይገባ ይሠራል ብላ እስከዚያ እንዳላፈርሰው አስማለችኝ። እኔም ሦስት የወይራ ድጋፍ ጠርቤ በእህል ክፍሉ በኩል ከውስጥ አቆምኩ። እህል ሲከመር አይታዩም፤ እንግዳ ቢመጣም አታፍርም። ሲስተር ስርጉትንም አገኘኋት። ውኃ ሰጠችኝ፣ ጥቂት ተጨዋወትን። ደግ ልጅ ናት።

አንቺ ደውለሽ ንገሪያት። ያንቺን ቃል ትሰማለች። ክረምቱ ደጅ ላይ ነው።

አጎትሽ ገላው

*

ሰፎክ
ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ገላው፤

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ያንን መንገድ በዚህ ዕድሜዎ በእግርዎ ሄዱልኝ።

እማዬን በስልክ አገኘኋት። ገና "ግድግዳው" ስል ገብቷታል። "ገላው ነግሮሽ ነው። እኔ እስክሞት አይነካም። ስሞት ግን አፍርሱት" አለችኝ። ጮህኩባት፤ ከዚያ ጮህኩ ብዬ ተጸጸትኩ። መጨረሻ ላይ "ስጦታሽ ቆጨሽ እንዴ?" ስትለኝ ከመስከረም በኋላ ይሁን አልኩ። እኔም እንደ እርስዎ።

ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። በደብዳቤዎ ድጋፉን በእህል ክፍሉ በኩል አቆምኩ ብለዋል። የሲስተር ስርጉት ክፍል ያው አንድ ግድግዳ አይደለም? በእርሷ በኩልስ ደገፉት? ነግረዋታል ወይ? ይህን ብቻ ይመልሱልኝ።

እዚህ ኬን ሥራውን ይዟል። ቤቱን በሙሉ በብረት ድጋፍ ትንሽ ከፍ አድርጎ የበሰበሰውን ያህል ብቻ ቆርጦ አዲስ ኦክ ይቀጥልበታል። አዲሱንና አሮጌውን አፍ ለአፍ አይገጥመውም፤ ሁለቱንም ረዘም አድርጎ ሰያፍ ይጠርብና እንደ ተጨባበጠ እጅ አቆላልፎ በችንካር ይመታዋል። የዳነውን እንጨት አንድ ጣት ያህል እንኳ አይቆርጥም። ዶሮቲ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ደጅ ተቀምጠው ያዩታል። ባላቸውን ይሰድባሉ። "ሲሚንቶ ያስለሰነው ጎረቤት ስላስለሰነ ነው" አሉኝ።

መልስዎን እጠብቃለሁ።

እስከዳር

*

ሰፎክ
ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ገላው፤

ጤና ይስጥልኝ። ከሰኔ ወዲህ መልስ አላገኘሁም። ምንይሉን ስጠይቀው ደብዳቤውን በሰኔ መጨረሻ ሰድጄዋለሁ፣ ሹፌሩም በእጃቸው ሰጥቻለሁ ብሎኛል ይላል። ታመው ነው?

የሲስተር ስርጉት ስልክ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልሠራ ብሎኝ ነበር። ትናንት በጎረቤታችን በእትዬ አስናቀች ስልክ እማዬን አገኘኋት። ድምፅዋ ደክሟል፤ የክረምቱ ብርድ ነው አለችኝ። ስለ ስርጉት ስጠይቃት "ተቀየረች፤ ወደ አገሯ ሄደች" አለችኝ። ጋሼ፣ ቢያዩኝ፣ ስልኩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀምጬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። አሁን ክፍሉ ባዶ ከሆነ የቀረው ግድግዳ ብቻ ነው፤ ግድግዳ ደግሞ ይሠራል። ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ለምንይሉ ልኬያለሁ።

እዚህ የዶሮቲ ቤት አልቋል። አዲሱ ጭቃ በገለባና በእበት ተረግጦ ተመረገ፤ ከላይ የከብት ፀጉር የገባበት ኖራ ተቀባ። ሲደርቅ ይሰነጠቃል ብዬ ሰግቼ ነበር፣ አልተሰነጠቀም። እኔም ጫማዬን አውልቄ ረገጥኩ። ኬን ከየት ተማርሽ ቢለኝ ከአጎቴ አልኩት።

ሁለት መስመር እንኳ ቢሆን ይጻፉልኝ።

እስከዳር

*

ሞጣ
መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእስከዳር፤

ሰላምታውን ዝለይልኝ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ።

ስርጉት አልተቀየረችም። ሞታለች።

ሐምሌ 24 ቀን፣ ረቡዕ፣ እኩለ ቀን ገደማ ነው። ሦስት ቀን ያላባራ ዝናብ ጥሎ በዚያ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። እናትሽ ተክለ ሃይማኖትን ልትሳለም ሄዳ ነበር። ስርጉት በአዳር ተረኝነት ሁለት እናቶች አዋልዳ ገብታ ተኝታለች። እትዬ አስናቀች ልብስ ስታሰጣ ሲሰነጠቅ ሰማሁ ትላለች፤ ዛፍ የተቆረጠ ነው የመሰላት። ግድግዳው ወደ ውስጥ ነው የወደቀው። ጭቃ ብቻ ቢሆን ምናልባት ትተርፍ ነበር። ሲሚንቶው ግን ሳይሰባበር እንደ አንድ ሳንቃ ሆኖ ወደቀባት፤ ጣሪያውም ተከተለ። ስምንት ሰው ነው ከላይዋ ያነሣው። እኔ ያቆምኳቸው ሦስት ድጋፎች ዛሬም ቆመዋል። የእህሉ ክፍል አልተነካም።

በሰኔ የጠየቅሽኝን አሁን ልመልስልሽ። አልነገርኳትም።

በግንቦት ያን ቀን ግድግዳውን ሳንኳኳ ከክፍሏ ወጣች። "ጋሼ፣ ምን እየፈለጉ ነው?" አለችኝ።

"አይጥ ገብቶ እንደሆነ ብዬ ነው" አልኳት።

"አይጥስ አለ። ፍራሼ አጠገብ ሲፈረፍር እሰማዋለሁ። መድኃኒት ገዝቼ አደርጋለሁ" አለችኝ።

የሰማችው አይጥ አልነበረም። እኔ የበሰበሰው ቋሚ እየተፈረፈረ እንደነበረ አውቅ ነበር። ውኃ ሰጠችኝ፣ ጠጣሁ፣ መረቅኋት። በእርሷ በኩል ድጋፍ ለማቆም ምክንያቱን መንገር ነበረብኝ፤ ብነግራት ትወጣለች፤ ከወጣች ሰው ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ እህቴ ታፍራለች። እንዲህ አሰብኩ። እህሉን ደግፌ ሰውን ተውኩ። "ዝም አይነቅዝም" እያልን ነው ያደግነው። ይነቅዛል፣ ልጄ።

መንገድ ስለተዘጋ አስከሬኗን ማሻገር አልተቻለም፤ እዚያው ቢቸና ተቀበረች። ከቀበሌ መጥተው ያዩት ሰዎች የዝናብ አደጋ ብለው ጽፈው ሄዱ። ያዋለደቻቸው ሴቶች አራስ ቤት ያሉት ሳይቀሩ ልጃቸውን አዝለው መጡ። እኔ የደረስኩት በስድስተኛው ቀን ነው።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን አባቷ መጣ። አቶ አካለ ወልድ ይባላል፣ በኔ ዕድሜ ነው። የዓባይን በረሃ በእግሩ ወርዶ፣ ተሻግሮ፣ ወጥቶ። እግሩ ቆስሎ ነበርና ጫማውን አውልቄ አጠብኩት። ሦስት ቀን አንድ አጎዛ ላይ አብረን ተቀመጥን። በሁለተኛው ቀን "ቤቱ ያረጀ ነበር እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። "ዝናቡ በርትቶ ነው" አልኩት። ሲሄድ እጄን ስሞ፣ ለልጁ ስላለቀስኩ አመስግኖኝ ሄደ።

እናትሽ እትዬ አስናቀች ቤት ናት። ቅጥሩን አልፋ አትገባም። ምግብ በግድ ነው። "ለእስከዳር አትንገር፣ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች" እያለች አስምላኝ ነበር። መሐላውን ዛሬ አፈረስኩ። መሣሪያዬን ለሰው ሰጥቻለሁ። አናጢ ነኝ ብዬ በማንም ቤት ደጅ አልቆምም።

ይቅር በይኝ አልልሽም። የሚባለው ላንቺ አይደለም።

ገላው

*

ሰፎክ
ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ገላው፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሁለት ሳምንት ያልመለስኩልዎት በእርስዎ ላይ የምለውን ሳሰላስል ቆይቼ ነው። ብዙ አሰብኩ፣ ብዙም ጻፍኩ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ሁሉንም ጣልኩት።

በሰኔው ደብዳቤዬ እማዬን በስልክ አገኘኋት ብዬ ጽፌልዎታለሁ። በማን ስልክ እንደሆነ ግን አልጻፍኩም። በስርጉት ስልክ ነው። ያነሣችው እርሷ ናት። "እስክዬ! እንዴት ነሽልኝ? እማማ ደጅ ናቸው፣ ልጥራልሽ" አለችኝ። እማዬ እስክትመጣ ድረስ ሁለት ደቂቃ ያህል አወራን። ስለ ደመወዟ መዘግየት፣ በዚያ ሳምንት መንታ ስላዋለደቻት ሴት፣ እዚህ ብርዱ እንዴት እንደሆነ። የእርስዎ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቶ ነበር። አራት ቋሚዎች ሄደዋል የሚለውን እያየሁ "እሺ፣ ደህና ሁኚ" አልኳት።

ለእርስዎ "ነግረዋታል ወይ?" ብዬ ስጽፍ ቁጥሯ እጄ ላይ ነበር። ደብዳቤ ደግሞ ወር ይፈጃል። ያንን አውቅ ነበር። እማዬ እንዳትቀየመኝ እርስዎ እንዲነግሩልኝ ፈለግሁ። እርስዎም እኔ እንድናገር ፈለጉ።

ስለዚህ ለአባቷ ደወልኩላቸው። ቁጥራቸውን አብራት ከምትሠራ ነርስ ነው ያገኘሁት። አራት ቀን ሞክሬ በአምስተኛው ገባልኝ።

"ማን ልበል?" አሉኝ።

"እስከዳር እባላለሁ። ስርጉት የነበረችበት ቤት የእናቴ ነው።"

"ኧረ፣ የወይዘሮ በዛብሽ ልጅ! ስለ አንቺ ትነግረን ነበር። እናትሽ እንዴት ናት? ተጎድታ ነው የተውኳት" አሉኝ።

ቀድመው እናቴን ጠየቁኝ ጋሼ። ያኔ ስልኩን ልዘጋው ነበር። አልዘጋሁትም። ከሲሚንቶው ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው። መሐል ላይ አላቋረጡኝም። ስጨርስ መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ "አባቴ?" አልኩ።

"አለሁ። ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"አጎትሽስ?"

"ያውቁ ነበር።"

"እግሬን ያጠቡኝ ሰውዬ?"

"አዎ።"

ከኋላቸው ሴት ሰው ስትጣራ ሰማሁ፤ ምሳ ቀርቧል የምትል ይመስለኛል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

"ስሚ ልጄ። እናቷ ልጄን የገደላት ዝናብ ነው ብላ ይዛለች። ደመና በጠቆረ ቁጥር ደጅ ወጥታ ትረግመዋለች። ዝናብን እርግማን አይዘውም፤ እርሷም ረግማ ረግማ ሲደክማት ትገባለች፣ ትተኛለች። ሰው ነው ካልኳት ግን አትተኛም። ለእርሷ ዝናብ ይሁን።"

"ለእርስዎስ?" አልኳቸው።

"እኔማ ሰማሁ" አሉ። "ሁለተኛ አትደውዪ።"

እሺ አልኩ።

እስከዳር